ጎማ ሻጭ እንዴት የወጥ ዳኛ ሆነ?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቅ መንገደኛ ምሳውን የት እንደሚበላ ራሱ አይወስንም። የሚወስንለት ሹፌሩ ነው። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ ገብቶ ከአንድ ምግብ ቤት በር ላይ ይቆማል፤ ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ምሳ! ሠላሳ ደቂቃ!" ይላል፤ ሃምሳ ስድሳ ሰው እግሩን እያፍታታ ይወርድና ፊት ለፊቱ ወዳለው ቤት ይገባል። ከማዶ ሌላ ቤት መኖሩን ያየ ቢኖርም ሠላሳ ደቂቃ ለማማረጥ አትበቃም።

ይህ ጸሐፊ በዚሁ መስመር ሲጓዝ የገጠመውም ይኸው ነው። የቀረበልን ወጥ ቀጭን፣ እንጀራው የትናንት፣ ሂሳቡ ግን የዕለቱ ነበር። ሹፌሩና ረዳቱ ከጓዳው አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ተቀምጠው ጥብስ ከነምጣዱ ቀረበላቸው። ሂሳብ አልመጣላቸውም። ነገሩ በአገራችን አውራ ጎዳና ላይ የታወቀ ስለሆነ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። እንበልና ሃምሳ ተሳፋሪ እያንዳንዱ የ200 ብር ምሳ ቢበላ የቤቱ ሽያጭ 10,000 ብር ይሆናል። ለሁለቱ ሰዎች የቀረበው ምግብ 800 ብር ቢያወጣ፣ ባለቤቱ ከሽያጩ 8 በመቶውን ደንበኛ ላመጣለት ሰው ከፈለ ማለት ነው። ደላላ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህ ምን እንደሚባል ከእኛ የተሻለ ታውቃላችሁ።

ከዚያው ከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት ፊት ሦስት አይሱዙ ቆመው አየሁ። ሁለቱ ጤፍ ጭነዋል። የአይሱዙ ሹፌር ተሳፋሪ አያመጣም፤ ስለዚህ በነፃ አይበላም። ከአበሉ ቆጥቦ፣ ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። በወር ብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ ስለሚመላለስም አንድ ቀን ያስቀየመውን ቤት ዳግመኛ አይረግጠውም። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ሁለቱም የቆሙ መኪናዎች ለመንገደኛው ምልክት ይሰጣሉ። አንደኛው ምልክት የተገዛ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሂሳቡን የከፈለ ሰው የሰጠው ምስክርነት ነው።

ለመሆኑ የዓለም ታላላቅ ምግብ ቤቶች በኮከብ የሚመዘኑበት፣ አንድ ኮከብ ሲጨመር ገበያ የሚጎርፍበት፣ ሲቀነስ ባለቤቱ እንቅልፍ የሚያጣበት ሥርዓት ከየት መጣ? ከቤተ መንግሥት ወጥ ቤት የመጣ፣ አለዚያም የጣዕም ሊቃውንት የመከሩበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ከሹፌርና ከጎማ ነው የመጣው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎማው ቶሎ እንዲያልቅ

ክሌርሞን ፌራን በመካከለኛው ፈረንሳይ የምትገኝ ከተማ ናት። አንድሬና ኤድዋር ሚሽሊን የተባሉ ወንድማማቾች በ1889 ከቤተሰብ የወረሱትን የእርሻ መሣሪያና የላስቲክ ፋብሪካ በስማቸው አቋቋሙ። በ1891 ተነቅሎ የሚጠገን የብስክሌት ጎማ አወጡ። ከዚያ በፊት ጎማ ከቸርኬው ጋር በማጣበቂያ ስለሚያያዝ አንድ ቀዳዳ መጠገን የቀን ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ በተደረገው የብስክሌት ውድድር ቻርል ቴሮን የተባለው ጋላቢ በሚሽሊን ጎማ አሸነፈና የኩባንያው ስም ተሰማ። ቀጥሎ ወደ መኪና ዞሩ።

እዚህ ላይ ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው ችግር መጣ። በ1900 በመላው ፈረንሳይ የነበረው መኪና 3,000 እንኳ አይሞላም ነበር። መኪና የነበራቸውም ሀብታሞች ከከተማ ብዙ አይርቁም። መንገዱ አይታወቅም፤ ቤንዚን የሚሸጥበት ቦታ አይታወቅም፤ ጎማ ቢፈነዳ ጎሚስታ የሚባል ነገር የለም፤ ከመሸ የት እንደሚታደርም አይታወቅም። የማይሄድ መኪና ደግሞ ጎማ አይጨርስም።

ሻይና ስኳር፣ እንጀራና ወጥ ተደጋጋፊ ዕቃዎች ናቸው፤ የአንዱ ፍላጎት ሲጨምር የሌላውም ይጨምራል። ጎማም ከጉዞ ጋር እንዲሁ ነው። ወንድማማቾቹ ጎማ ለመሸጥ መጀመሪያ ጉዞ መሸጥ እንዳለባቸው ገባቸው። ስለዚህ በ1900፣ በፓሪስ የተደረገው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተከፈተበት ዓመት፣ ቀይ ሽፋን ያለው ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው ለባለመኪናዎች በነፃ አደሉ። የታተመው 35,000 ቅጂ ነበር። ከመኪናው ቁጥር ጋር ሲተያይ ለአንድ መኪና ከ11 ቅጂ በላይ መድረሱ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው "አብደዋል" ሊል ይችላል። እነርሱ ግን የሚያሳትሙት በነበሩት መኪናዎች ልክ አልነበረም፤ ገና ሊመጡ ባሉት ልክ ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ የነበረው ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ የከተሞች ካርታ፣ መካኒክና ሐኪም የሚገኝበት፣ ቤንዚን የሚሸጥበት፣ የሚያሳድር ሆቴል የመሳሰለው ነው። ስለ ወጥ ጣዕም የሚፈርድ መጽሐፍ አልነበረም። ነገሩ ለሚሽሊን ስለሠራለት በ1904 ለቤልጂግ፣ በ1907 ደግሞ ለአልጄሪያና ለቱኒዚያ ተመሳሳይ መምሪያ አወጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኅትመቱ ተቋረጠ።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን ኩባንያው ራሱ እንዲህ ብሎ ይተርከዋል። አንድሬ ሚሽሊን አንድ ጎማ መሸጫ ሱቅ ሲገባ የእርሱ መጽሐፎች ተደራርበው የመሥሪያ ጠረጴዛ እግር ማስተካከያ ሆነው አገኛቸው። ሰው በነፃ ያገኘውን ነገር እንደማያከብር ያን ጊዜ ተረዳ ይባላል። እውነትም ይሁን ለማስታወቂያ የተበጀ፣ ከ1920 ጀምሮ መጽሐፉ በ7 ፍራንክ መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ተደረገ፤ በመጽሐፉ ውስጥ የነበረው የሆቴሎችና የሌሎች ድርጅቶች የተከፈለበት ማስታወቂያ ወጣ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጽሐፉ ደንበኛ አንባቢው እንጂ የሚመዘነው ቤት አልነበረም።

አንባቢዎች ከሆቴሉ ዝርዝር ይልቅ የምግቡን ክፍል እንደሚወዱት ሲታይ በ1926 ጥሩ የሚበላባቸው ቤቶች በአንድ ኮከብ ይለዩ ጀመር። በ1931 ኮከቡ ከአንድ እስከ ሦስት ደረጃ ተደረገለት። በ1936 ደግሞ የደረጃዎቹ ትርጉም ታትሞ ወጣ። አንድ ኮከብ በዓይነቱ በጣም ጥሩ የሆነ ቤት ነው። ሁለት ኮከብ ከመንገድ ወጣ ብሎ ሊሄዱበት የሚገባ፤ ሦስት ኮከብ ደግሞ ለእርሱ ተብሎ ከቤት ተነሥቶ ሊጓዙለት የሚገባ ነው።

እስቲ አንባቢያችን ይህን ትርጉም ደግመው ይመልከቱት። ስለ ቅመም ወይም ስለ ጨው አንድም ቃል የለበትም። የወጡ ክብር የሚለካው በኪሎ ሜትር ነው! አንደኛው ኮከብ በመንገድህ ላይ ካለ ግባ ይላል፤ ሁለተኛው ትንሽ ጎማ ጨርስ ይላል፤ ሦስተኛው ብዙ ጎማ ጨርስ ይላል። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላም ኩባንያው ዋናውን ሥራውን አልረሳም ነበር።

ከፍተኛው ደረጃ መሰጠት በጀመረበት በ1933 ኤዤኒ ብራዚዬ የተባሉ የሊዮን ሴት በከተማውና ከከተማው ውጭ በተራራ ላይ ለነበሯቸው ሁለት ቤቶች ሦስት ሦስት ኮከብ፣ በድምሩ ስድስት፣ አገኙ። እኚህ ሴት የገጠር ልጅ ሆነው በሰው ቤት በወጥ ቤት ሠራተኛነት የጀመሩ ነበሩ። ኮከቡ ገና ከመነሻው ለቤተ መንግሥት ወጥ ቤቶች ብቻ ያልተሰጠ መሆኑን የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም።

መጽሐፉ ከምግብ ውጭም አንድ ጊዜ አገልግሏል። በ1944 የተባበሩት ጦር ኃይሎች ኖርማንዲ ሲወርዱ በፈረንሳይ ከተሞች የነበሩ የመንገድ ምልክቶች ተነቃቅለው ስለነበር፣ የ1939ኙ የሚሽሊን መምሪያ ለካርታዎቹ ሲባል ዋሽንግተን ላይ እንደገና ታትሞ ለመኮንኖች ታደለ።

ኮከቡ ራሱ የማን ነው?

ሚሽሊን ኮከብን አልፈጠረም። ማሪያና ስታርክ የተባሉ እንግሊዛዊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለመንገደኞች በጻፉት መምሪያ ጥሩ ጥሩውን ነገር በቃለ አጋኖ ምልክት ይለዩት ነበር፤ አንድ ሁለት ሦስት እያሉ ይደረድሩታል። የጀርመኑ ቤዴከር ደግሞ በመጽሐፎቹ ኮከብ አደረገ። በንግዱ ዓለም ኮከብ የታወቀው በኮኛክ ጠርሙስ ላይ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ የባለመኪናዎች ማኅበር በ1912 ሆቴሎችን በኮከብ መመደብ ሲጀምር ሐሳቡን ያመጣው የማኅበሩ ጸሐፊ ቀድሞ የመጠጥ ሻጭ የነበረ ሰው ስለሆነ፣ የብራንዲውን ኮከብ ወደ ሆቴል በር አዛወረው ይባላል።

እዚህም ላይ ያለው የባለመኪናዎች ማኅበር መሆኑን ልብ ይሏል። አሜሪካ ውስጥ በ1958 ሆቴሎችንና ምግብ ቤቶችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መመዘን የጀመረው መምሪያ የማን ነበር? የሞቢል ዘይት ኩባንያ። አንዱ ጎማ ሻጭ፣ ሌላው ቤንዚን ሻጭ፣ ሦስተኛው የባለመኪና ማኅበር። ሦስቱም የሚጠቀሙት ሰው ከቤቱ ሲወጣ ነው።

ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሻጩ የመኪናውን ገመና ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም መኪና መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ መጥፎ ያለው ደስ እያለው ይሸጣል። በመጨረሻ ገበያው በመጥፎ ዕቃ ይሞላል። አከርሎፍ ለዚህ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ከአሮጌ መኪና የባሰ ነው። መኪና ገዢ ቢያንስ ሞተር አስነሥቶ ይሰማል። መንገደኛ ግን ሳይቀምስ ያዝዛል፣ በልቶ ይከፍላል፣ ሄዶ አይመለስም። ባለቤቱ ጥሩ ቅቤ ቢያደርግበትም ባያደርግበትም ነገ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ መዛኝ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ግን መዛኙም ሆድ አለው። የሚያበላው ማን ነው?

ሚሽሊን ለዚህ የሰጠው መልስ ሦስት ነገር ነበር፤ ተቆጣጣሪው ማንነቱን አይናገርም፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቦታ ይዞ ይበላል፣ ሂሳቡን ከኩባንያው ገንዘብ ይከፍላል። ይህ ብዙ ወጪ ነው፤ ወጪውን የሚችለው ግን ጎማው ነው። ሥርዓቱ ነቀፌታ አላጣውም። በ2004 ፓስካል ሬሚ የተባለ የቀድሞ ተቆጣጣሪ ባሳተመው መጽሐፍ ተቆጣጣሪዎቹ በሕዝብ ከሚታመነው ቁጥር በጣም ያነሱ መሆናቸውን፣ ሁሉም ቤት በየዓመቱ እንደማይጎበኝ ጻፈ፤ ኩባንያው አስተባበለ።

ከዚያ ወዲህ የሒሳቡ ከፋይ ተቀይሯል። መምሪያው ወደ አዲስ አገር ሲገባ የአገሩ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ገንዘብ ማዋጣት ጀመረ። የታይላንድ መንግሥት ለአምስት ዓመት 144 ሚሊዮን ባት መደበ፤ የካሊፎርኒያ የቱሪዝም ድርጅት በ2019 ለወጣው መምሪያ 600,000 ዶላር ከፈለ። ሚሽሊን ገንዘቡ ከኮከቡ ጋር አይገናኝም ይላል። ሊሆን ይችላል።

በገንዘብ ገበያም ታሪኩ ይኸው ነው። ጆን ሙዲ በ1909 የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎችን ቦንድ በፊደል መመዘን ሲጀምር ገቢው መጽሐፉን ከሚገዙት ባለገንዘቦች ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን የሚከፍለው ቦንዱን የሚያወጣው፣ ማለትም የሚመዘነው ራሱ ሆነ። በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ከፍተኛውን ደረጃ ይዘው የነበሩ ብዙ የቤት ብድር ቦንዶች ዋጋ አጡ። አገራችንም በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስቱ ትልልቅ መዛኞች ተመዝና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ሸጣለች፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳትከፍል ቀርታለች።

ኮከብ የካፒታል ጉዳይ መሆኑን በጣም መራራ በሆነ መንገድ ያሳየው የበርናር ሏዞ ታሪክ ነው። ይህ ሦስት ኮከብ የነበረው ፈረንሳዊ ባለምግብ ቤት በ1998 ኩባንያውን ወደ ፓሪስ አክሲዮን ገበያ አወጣ። ዕዳም ነበረበት። በ2003 መጀመሪያ ጎ ኤ ሚዮ የተባለው የሚሽሊን ተፎካካሪ ከ20 ነጥብ 19 የነበረውን ወደ 17 ዝቅ አደረገው፤ ሚሽሊንም አንድ ኮከብ ሊነሣው ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። በየካቲት ወር ራሱን አጠፋ። ሦስቱ ኮከቦች ግን በዚያ ዓመት አልተነሡበትም ነበር። የሰው ልጅ ሐዘን በአንድ ምክንያት አይመጣምና ሁሉንም በመዛኞች ላይ መጣል ትክክል አይሆንም። ቢሆንም የድርጅት ዋጋ በሌላ ሰው ምላስ ላይ ሲንጠለጠል ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል። ሁለት ዓመት ቆይቶ አለን ሰንደራንስ የተባለው የፓሪስ ባለምግብ ቤት "ሦስት ኮከባችሁን ውሰዱ" ብሎ ዋጋውን ቀነሰና ቤቱን እንደገና ከፈተ።

ጣሳና ኮከብ በእኛ አገር

በእኛ ባህል ምግብ መሸጥ ራሱ ነውር የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲከፍቱ ገንዘብ ከፍሎ የሚበላ ሰው ጠፍቶ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተው፣ ሂሳብ ከፍለው እንዳስለመዱ ይተረካል። ነገሩ ለርዕሳችን ይጠቅማል። በግብር አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ወጡን አይነቅፍም፤ ተጋባዥ ነው። ሊፈርድ የሚችለው የከፈለ ሰው ብቻ ነው። ጠላ ቤትም ቢሆን በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍቶ "እዚህ አለ" ይላል እንጂ ጠላው ምን ያህል እንደሚጥም የሚለይ ሁለተኛና ሦስተኛ ጣሳ የለውም።

ሒልተን በ1969፣ ሸራተን በ1998 አዲስ አበባ ላይ ሲከፈቱ "ባለ አምስት ኮከብ" የሚለው ቃል በከተማችን ተለመደ። ከዚያ በኋላ ሆቴል የሠራ ሁሉ በገዛ ፈቃዱ በበሩ ላይ ኮከብ መለጠፍ ጀመረ። አንዳንዱ አራት፣ አንዳንዱ አምስት። አከርሎፍ እንዳለው፣ ሁሉም ኮከብ ሲለጥፍ ኮከብ ዋጋ ያጣል፤ እውነተኛውን አራት ኮከብ የሠራው ባለሀብት ደግሞ ካፒታሉን ከሐሰተኛው ጋር በአንድ ዋጋ ያስመዝናል። የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ በ2015 የአዲስ አበባ ሆቴሎችን ሲመዝን ብዙዎች ከለጠፉት በታች አገኙ፤ ቅሬታና ይግባኝም ተከተለ። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነች ከተማ ስብሰባ አዘጋጅ ኤምባሲና ድርጅት ኮከብ አይቶ ክፍል ስለሚይዝ ክርክሩ የክብር ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ በባለሀብቶቻችን ዘንድ የሚታይ አንድ መደናገር መጥራት አለበት። የሆቴል ኮከብ ዕቃ ይቆጥራል፤ ሊፍት፣ ጀነሬተር፣ የአልጋ ስፋት፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የቋንቋ ችሎታ ያለው ሠራተኛ ይመለከታል። የሚሽሊን ኮከብ ሳህኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ሊፍት የሌለው፣ ወንበሩ የተሰበረ ቤትም ሊያገኘው ይችላል። በ2016 ሲንጋፖር ውስጥ ከመደብ የማይበልጡ ሁለት የመንገድ ምግብ መሸጫዎች አንዳንድ ኮከብ ተሰጥቷቸዋል። የሆቴል አምስት ኮከብ በባንክ ብድር ሊገነባ ይችላል፤ የወጥ ኮከብ ግን በሲሚንቶ አይሠራም። ለዚህ ነው አምስት ኮከብ ሆቴል ገብተን ሽሮው የሚያሳፍረን።

በእጅ የሚበላ ምግብ በዚህ ሚዛን አይለካም የሚል ካለ መልሱ ዋሽንግተን ነው። የሚሽሊን መምሪያ እ.ኤ.አ. የ2017ን እትም ለዚያች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ፣ ዋጋው መጠነኛ ሆኖ ጥሩ ለሚያበሉ ቤቶች በሚሰጠው ቢብ ጉርማን በተባለው ደረጃ ዳስ የተባለውን የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አስገብቷል። (ቢብ የጎማ ኩባንያው የማስታወቂያ ምስል የሆነው ከጎማ የተሠራው ወፍራም ሰውዬ ስም ቁራጭ ነው፤ ጎማው አሁንም አልተለየንም።) ከዚያ በፊት በ1995 ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን ኒው ዮርክ ውስጥ ለሚመራው ወጥ ቤት ከኒው ዮርክ ታይምስ ከአራት ሦስት ኮከብ ሲያገኝ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ያኔ ያበስል የነበረው የስዊድን ምግብ መሆኑን ግን መርሳት የለብንም።

የመመዘን ችሎታው ለእኛ እንግዳ አይደለም። እህል በረንዳ የሚውል ሰው ከቢቸናና ከደብረ ወርቅ የመጣ ጤፍ ሲራገፍ ደላላው እንዴት እንደሚመዝነው ያውቃል። ከጆንያው ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይበትናል፤ ንጣቱን፣ ደረቅነቱን፣ አፈሩን ያያል፤ አንዳንዱ ያኝከዋል። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ ወይም ቀይ ብሎ ሲጠራው ዋጋው ተቆረጠ ማለት ነው። በኩንታል ላይ በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነጋዴ ሁሉ በልቡ ይዞታል። ታዲያ ይኸው ጤፍ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ እንጀራ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ደረጃው የት ይጠፋል? ጆንያ ላይ እያለ ምላሱን የሚያምን ገዢ፣ ሳህን ላይ ሲደርስ የአውቶቡስ ሹፌር ያመጣበትን ይበላል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እህል ገዢ ነገም ከዚያው ሻጭ ይገዛል፣ መንገደኛ ግን አይመለስም። የሚሽሊን መጽሐፍ የማይመለሰውን መንገደኛ እንደሚመለስ ደንበኛ አስፈሪ አደረገው።

የነዳጅ ማደያ፣ የጎማ አስመጪ ወይም የኢንሹራንስ ኩባንያ ያላችሁ አንባቢዎቻችን በዚህ ላይ ሒሳብ ብትሠሩበት መጥፎ አይሆንም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ያለውን መንገድ ይዞ፣ ጎሚስታውንና ማደያውን ከምግብ ቤቱ ጋር የሚዘረዝር ትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ዓመት የቢልቦርድ ኪራይ ላይበልጥ ይችላል። ከባዱ ወጪ ኅትመቱ አይደለም፤ ስሙን ሳይናገር ገብቶ፣ በልቶ፣ ከፍሎ የሚወጣ ሐቀኛ ሰው ማቆየቱ ነው።

በመልስ ጉዞዬ በግል መኪና ስለነበርኩ አይሱዙዎቹ ቆመው ያየሁበት ደብረ ወርቅ ያለችው ቆርቆሮ ቤት ገባሁ። ረቡዕ ነበርና ያለው ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ ብቻ ነው። ሽሮው እየፈላ በሸክላ መጣ፤ እንጀራው የዕለቱ፣ ነጩ ጤፍ። ባለቤቲቱን ስከፍላቸው "እትዬ፣ አውቶቡስ ለምን እዚህ አይቆምም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር፣ ልጄ" አሉኝ፤ "ሹፌሩን ሂሳብ ብጠይቀው ተቀይሞ ቀረ።"